ትንታ፦ ሕፃናት ሲመገቡ ደጋግሞ ትን የሚላቸው ለምንድን ነው?

ሕፃን ያሳደገ ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጁ እየጠባ ወይም እየጎረሰ ሳለ ድንገት ትን ይለዋል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እናት ብድግ ታደርገዋለች፣ አያት «አናቱን እፍ በይበት» ትላለች። ጥቂት ሳል ይስልና ያልፍለታል። በማግስቱ ይደገማል፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ያኔ ቤተሰቡ መጠየቅ ይጀምራል፦ ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ጉሮሮው ጠቦ ነው? እንጥሉ ወርዶ ነው? ወይስ የምናበላው ነገር አልተስማማውም?

መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አያት እንጥል ትላለች፣ ጎረቤት ዓይን በልቶት ይሆናል ይላል፣ ነርሷ አያያዙን ትጠይቃለች፣ ከአንገት በላይ ሐኪሙ የማንቁርቱን ነገር ያነሳል። መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የሕፃን አካል መዋጥን ገና እየተማረ ነው፤ እኛ ደግሞ የተማረ ያህል ቆጥረን እናጎርሰዋለን። ደጋግሞ የሚመጣ ትንታ በአብዛኛው የሚወለደው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ስለዚህ ምርመራው ከማንኪያው፣ ከአቀማመጡና ከአጉራሹ ችኮላ ይጀምር እላለሁ፤ የጉሮሮው ተራ ከዚያ በኋላ ነው።

በየቤቱ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ኧቅ ማለት ነው። ጠጠር ያለ ነገር ምላሱ ላይ ሲያርፍ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አንዳንዴም ያስመልሳል። ይህን የሚቀሰቅሰው ቦታ በአዋቂ ሰው ከምላስ ሥር ሲሆን፣ በሕፃን ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ይገኛል፤ ልጁ ምግብ እየለመደ ሲሄድ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሁለተኛው ትንታ ነው፦ ጠብታ ወይም ፍርፋሪ ወደ አየር ቧንቧው አፍ ሲጠጋ ሳል ተነስቶ ያባርረዋል። ሁለቱም ድምፅ አላቸው፣ ሁለቱም የአካል መከላከያ ናቸው፣ ሁለቱም ሲደጋገሙ ያስጨንቃሉ እንጂ ብቻቸውን ሕፃን አይገድሉም። ሦስተኛው መታነቅ ነው። የአየር መንገዱ ሲዘጋ ሕፃኑ ማልቀስም ማሳልም አይችልም፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ አይወጣም፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። እኛን የሚያስደነግጠን ጩኸትና ሳል ሆኖ፣ ገዳዩ ግን ዝምታው መሆኑ ብዙ ልጆችን ዋጋ አስከፍሏል።

ለመሆኑ መዋጥ ይህን ያህል ከባድ የሚሆነው ለምንድን ነው? የአየርና የምግብ መንገድ ጉሮሮ ላይ ይገናኛሉ። ሰው በዋጠ ቁጥር ትንፋሹ ለቅጽበት ይቆማል፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ ምግቡ ከኋላ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ ያልፋል። አዋቂ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው። የሚጠባ ሕፃን ግን መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን በየሰከንዱ ገደማ እያፈራረቀ ለብዙ ደቂቃዎች ማስኬድ አለበት። ቅንጅቱ የሚበስለው በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ሕፃናት መጀመሪያ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ። በቀኑ የተወለደውም ቢሆን የሚተነፍሰው በዋናነት በአፍንጫው ነው። ጉንፋን ሲይዘውና አፍንጫው ሲደፈን በጡቱና በአየሩ መካከል መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ጡቱን ለቆ ሲያለከልክ፣ ተመልሶ ሲጎርስ ትን ይለዋል። በብርድ ወራት ትንታ የሚበዛባቸው ልጆች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

መጠኑም ራሱ አንድ ምክንያት ነው። የአራስ ልጅ የአየር ቧንቧ ውስጣዊ ስፋት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ የሽምብራ ፍሬ ከዚያ ይበልጣል። አየር በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ የቱቦው ስፋት በግማሽ ከቀነሰ የሚገጥመው ተቃውሞ በ16 እጥፍ ይጨምራል፤ ለአዋቂ ምንም የማይመስል ጥቂት አክታ ወይም እብጠት ሕፃንን የሚያስጨንቀው በዚህ የተነሳ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የትንታ ዋናው ምንጭ የወተቱ ፍጥነት ነው። ያጋተ ጡት ያላት እናት ልጇ መጥባት በጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወተቱ በኃይል ይለቀቅባታል፤ ሕፃኑ ይውጣል፣ ይውጣል፣ መተንፈሻ ሲያጣ ያስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። እናት ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ልጁን ደረቷ ላይ አስደፍታ ብታጠባው ወተቱ ሽቅብ ስለሚወጣ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያውን ፍንጥቅታ በጨርቅ ማሳለፍም ይረዳል። በጡጦ ለሚመገበው ደግሞ የጫፉ ቀዳዳ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ቤት ወፈር ያለ አጥሚት በጡጦ እንዲያልፍ ቀዳዳውን በጋለ መርፌ ያሰፉታል። ልጁ በዚያ ቀዳዳ ተራ ወተት ሲሰጠው ከአቅሙ በላይ ይጎርፍበታል። ጡጦን በትራስ አስደግፎ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ መተውማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሲበቃው አፉን ማላቀቅ፣ ትን ሲለው ፊቱን ማዞር የማይችል ፍጡር ብቻውን ከፈሳሹ ጋር ይቀራል።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ማቅረሸት ነው። በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለው ማሰሪያ ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ ወተቱ ይመለሳል፣ ሲመለስም ጉሮሮ ላይ ደርሶ ያሳስላል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከሦስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ እንደሚያቀረሹ፣ በአራት ወር ቁጥሩ ወደ 67 በመቶ እንደሚወጣ፣ ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ግን ወደ 5 በመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ክብደቱ እየጨመረ፣ ደስ ብሎት የሚጫወት ልጅ ቢያቀረሽ በሽተኛ አይደለም። ካጠቡት በኋላ ቀጥ አድርጎ ይዞ ማስገሳት፣ ወዲያው አለማስተኛትና አለማወዛወዝ ብዙውን ያቃልለዋል።

እስካሁን ያነሳሁት የትም አገር ያለ ነገር ነው። ወደ እኛ ቤት ስንገባ ግን ሁለት ልማዶች መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ፤ ቅቤና መጋት። አራስ ልጅን «አንጀቱን እንዲያለሰልስ» ተብሎ ለጋ ቅቤ ማላስ በብዙ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። የቅቤው አደጋ ከውሃና ከወተት የተለየ ነው። ወተት ወደ አየር ቧንቧ ቢሳሳት ጉሮሮን ይቆጠቁጣል፣ ሳል ይቀሰቅሳል። ቅባት ግን ለስላሳ ስለሆነ ሳሉን ሳይቀሰቅስ ሾልኮ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ሰውነት በቀላሉ ሊያስወግደው የማይችለው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሳንባ ምች ያስከትላል። በሕንድና በሳዑዲ ዓረቢያ ቅቤና ዘይት በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሐኪሞች ይህንኑ በሽታ ደጋግመው መዝግበዋል።

መጋት የሚባለው ደግሞ በፍቅር ስም የሚፈጸም ግፍ ነው፤ ቃሉን አላለሳልሰውም። ሕፃኑ ጭን ላይ በጀርባው ይጋደማል፣ እጁ ይያዛል፣ አጥሚቱ በእጅ መዳፍ አፉ ላይ ይደፋል፣ ካልዋጠም አፍንጫው ይያዛል። አፍንጫው የተያዘ ልጅ ለመተንፈስ አፉን ይከፍታል፣ የሚስበው አየር ግን ከአጥሚቱ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሲያለቅስ ማንቁርቱ ክፍት ነው፤ በክፍቱ በር ምግብ ይገባል። ትን ካለው በኋላ እንኳ «ዋጠው፣ ዋጠው» እየተባለ ይቀጥላል። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ልጁ እንዳይከሳባቸው ፈርተው፣ ሥራ በዝቶባቸው፣ እነሱም እንዲሁ ስላደጉ ነው። ፍርሃታቸውን እረዳለሁ፤ ልማዱን ግን ለማስተው መድፈር አለብን። ልጅ ምግብ ሲበቃው ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይገጥማል፣ ማንኪያውን ይገፋል። ይህ ንግግሩ ነው፤ ጠግቤያለሁ ወይም ደክሞኛል ማለቱ ነው።

ከቅቤውም ከመጋቱም የከፋው ግን ለትንታ መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ነው። ልጁ ሳል በዛበት፣ ሲበላ ትን አለው፣ ጡት እምቢ አለ፤ «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ከላንቃው ለስላሳ ክፍል ጫፍ የተንጠለጠለ ትንሽ ሥጋ ነው። ላንቃው ምግብ ሲዋጥ ወደ ላይ ተነስቶ የአፍንጫውን መንገድ ሲዘጋ አብሮ ይነሳል፤ ወርዶ የአየር ቧንቧን አይዘጋም። ልጁ ሲታመም ጉሮሮው ስለሚያብጥና ስለሚቀላ እንጥሉም ያበጠ ይመስላል፤ እብጠቱ የሕመሙ ምልክት ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ቁርጡ የሚፈጸመው ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም በፈረስ ጭራ ነው። የሚከተለው መድማት፣ የጉሮሮ መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በጋራ ምላጭ የሚተላለፍ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ፣ አንዳንዴም ሞት ነው። የወተት ጥርስ ገና ከድዱ ሳይወጣ ፈልፍሎ ማውጣትም፣ ግግ ማስወጣት የሚባለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጉዳት ያለው ነገር እንዴት ዘመናትን ተሻገረ? መልሱ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉንፋን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ያልፋል፣ ትንታም ልጁ ባደገ ቁጥር ይቀንሳል። ከቁርጡ በኋላ ልጁ ሲሻለው ምስጋናው ለቆራጩ ይሄዳል፤ ያልተቆረጠው የጎረቤት ልጅም በዚያው ጊዜ እንደተሻለው ማንም አያስተውልም። ካልተሻለው ደግሞ «ቀድሞም አጉል ነበር» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 አራስ ልጅን ቅቤ መመገብን፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ሞት ካስከተሉ የሚያስቀጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሎ በስማቸው ጠርቷቸዋል፤ አንቀጽ 562 ደግሞ የአካል ጉዳትን ይመለከታል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። እናት ግን ሌሊት ልጇ ሲያስል የምታማክረው ሕጉን ሳይሆን ከጎኗ ያለችውን አሮጊት ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ መድረስ ያለበት እዚያ ድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም የአገራችን ጤና ሚኒስቴርም የሚመክሩት ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ ጀምሮ ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ውሃ፣ የላም ወተት፣ አጥሚት ወይም ሌላ ነገር ቀምሰዋል ማለት ነው። የስድስት ወሩ ምክር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከተቅማጥና ከምግብ ይዘት ጋር ተያይዞ ነው፤ የመዋጡ ነገር ግን እኩል ሊነገር ይገባዋል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ምላሱ ላይ ያረፈን ነገር በሙሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ይህ ጠባይ የሚጠፋው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ጭንቅላቱን ችሎ መያዝ፣ ተደግፎ መቀመጥና ምግብ ሲያይ አፉን መክፈት የሚጀምረውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት በማንኪያ የሚሰጠው ነገር ገና ባልተዘጋጀ አፍ ላይ የሚፈስ ነው።

ስለ ምግቡ ውፍረት ብዙ ቤተሰብ በተቃራኒው ያስባል፤ ቀጭን ከሆነ ይወርድለታል፣ ወፍራም ከሆነ ያንቀዋል ይባላል። ቀጭን ፈሳሽ ግን ከሁሉ ፈጥኖ ጉሮሮ የሚደርስና ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ነው፤ ማንቁርቱ ሳይዘጋጅ ይቀድመዋል። ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ለስላሳ ገንፎ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለመዋጥ ጊዜ ይሰጣል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገንፎው ወፈር ይበል የሚሉት ለጉልበቱ ብለው ቢሆንም ለጉሮሮውም የሚጠቅመው ያው ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለት ዓይነት ይዘት በአንድ ጉርሻ ሲመጣ ነው፦ መረቁ በብዛት የፈሰሰበት ፍትፍት፣ ሥጋና ድንች የሚዋኝበት ሾርባ። ልጁ ድንቹን ሲያላምጥ መረቁ ቀድሞ ወደ ኋላ ይፈስሳል። እንጀራው መረቁን ጠጥቶ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ድንቹን ከመረቁ ጋር መፍጨት እዚህ ላይ ያለውን ትንታ በእጅጉ ይቀንሰዋል። አቀማመጡም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ወደ ላይ አይንጋለል፣ ማንኪያው ከፊት ለፊቱ ይምጣለት። ቆማ የምታጎርስ ሞግዚት ልጁ ሽቅብ እንዲያንጋጥጥ ታደርገዋለች፤ ያንጋጠጠ ጉሮሮ ደግሞ የአየር መንገዱን ይከፍታል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ሌላ ክርክር ይገጥማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጊል ራፕሊ ከትሬሲ መርኬት ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ ምግብ ፈጭቶ በማንኪያ ከመስጠት ይልቅ ሕፃኑ ራሱ በእጁ እያነሳ ይብላ የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ፤ ተቃዋሚዎቹም ይህማ ልጅ ማሳነቅ ነው አሉ። በኒው ዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 ሕፃናትን ይዘው ነገሩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ 35 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታንቀው ነበር፤ በሁለቱ የአመጋገብ መንገዶች መካከል ግን ልዩነት አልታየም። በራሳቸው እጅ የሚበሉት በስድስት ወር ኧቅ ማለት በዝቶባቸው ነበር፣ በስምንት ወር ግን ከሌሎቹ አነሰላቸው፤ የተለማመደ አፍ ይማራልና። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያው ጥናት ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ በ12 ወር ዕድሜያቸው 94 በመቶዎቹ ሊያንቅ የሚችል ምግብ ቀርቦላቸዋል። ወላጆች ስለ ዘዴው ሲከራከሩ ዋናው ጥያቄ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ምንድን ነው የሚለው፣ ተዘንግቷል።

ሳህኑን ስንመለከት ጥርሱንም አብረን እንመልከት። የሕፃን ፊት ጥርሶች መንከስ እንጂ መፍጨት አይችሉም። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች የሚበቅሉት አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፣ ሁለተኛዎቹ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፤ ከበቀሉም በኋላ በደንብ ማድቀቅ ዓመታት ይወስዳል። እንግዲህ ቡና ሲፈላ ቄጠማው ላይ የሚበተነውን ፈንዲሻ፣ በሰፌድ የሚዞረውን ቆሎ፣ ኦቾሎኒውን፣ የሱፍ ፍሬውን አስቡት። ዳዴ የሚል ልጅ ዓይኑ ከወለሉ ጋር እኩል ነው፤ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። ትልልቆቹ ሲስቁ ይስቃል፣ ሲስቅ አየር ይስባል። ቡናችንን እንጠጣ፤ ፈንዲሻው ግን ከወለል ይነሳ፣ ቆሎውም ከልጁ እጅ ይራቅ። በአዲስ አበባ ይሁን በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በቴል አቪቭ፣ ቡናው በሚፈላበት ቤት ሁሉ አደጋው አንድ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መግለጫ ከምግብ ወገን ቋሊማን ከሁሉ በላይ አንቆ የሚገድል ብሎ ቅርጹ እንዲቀየር ጠይቆ ነበር፤ ክብ፣ ለስላሳና የጉሮሮ ልክ ስለሆነ። ሙሉ ወይን፣ ጥሬ ካሮት፣ ከረሜላና የሥጋ ቁራጭም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። ከምግብ ውጭ ደግሞ ፊኛ አለ፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየሩን በሙሉ ይዘጋል።

ኦቾሎኒን በተመለከተ ግን ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ምክሮች አሉ። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለአለርጂ በተጋለጡ 640 ሕፃናት ላይ ኦቾሎኒን ቶሎ ማስለመድ አለርጂውን በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ፤ የጥናቱ መነሻ በእስራኤል፣ አፍ ውስጥ ሟሙቶ የሚያልቀውን ባምባ የተባለ የኦቾሎኒ መክሰስ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚበሉ ልጆች አለርጂው እንደማይበዛባቸው መታየቱ ነበር። ሁለቱ ምክሮች አይጣሉም። ኦቾሎኒው ደቅቆ፣ በወተት ወይም በገንፎ ቀጥኖ ይሰጥ፤ ፍሬው ሳይደቅ፣ ወይም ወፍራሙ የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ እንዳለ አይሰጥ።

ትንታ ያሳሰባት እናት አንዳንዴ በተቃራኒው ትሄድና እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ ሁሉን ፈጭታ ብቻ ታበላዋለች። ይህም አይጠቅመውም። በእንግሊዝ አቨን አካባቢ ብዙ ሺህ ልጆችን የተከታተለው ጥናት እብጥ እብጥ ያለ ምግብ ከ9 ወር በኋላ ዘግይተው የጀመሩ ልጆች በሰባት ዓመታቸው እንኳ የአመጋገብ ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በስድስት ወር ለስላሳ፣ በስምንት ወር በሹካ የተደቆሰ፣ ወደ ዓመቱ ሲቃረብ በጣት ተጨምቆ የሚደቅ፤ እንዲህ እያለ ነው አፍ የሚማረው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ትንታው ካልቀነሰስ? ያኔ ተራው የአካሉ ነው፣ ሐኪም ያስፈልጋል። ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቁ አፉን ሞልቶ የሚደፍቅ፣ መጀመሪያ በተሰጠው ወተት ትን ብሎት የሚጠቁር ልጅ የምግብና የአየር ቧንቧው ተገናኝቶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳይባክን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሲተነፍስ በተለይ በጀርባው ሲተኛ ሲር ሲር የሚል ልጅ የማንቁርቱ ሥጋ የላላ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጠነክርለታል፣ ግን መታየት አለበት። ወተት በአፍንጫው የሚወጣ ልጅ ላንቃው መሰንጠቁ መታየት አለበት፤ ከውጭ የማይታይ፣ ከሥጋው በታች ያለ ስንጥቅም አለና። ልቡ በተፈጥሮው የታመመ ልጅ ሲጠባ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ በዚያው ትን ይለዋል። የአንጎል ጉዳት ወይም ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የአፉ ጡንቻዎች ስለሚላሉ የመዋጥ ችግሩ ይበረታበታል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ጭራሽ የማያስለው ነው። ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሳል የማይቀሰቅስበት ልጅ አለ፤ ምልክቱ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ የሳንባ ምች፣ ከምግብ በኋላ የሚሰማ የተነፋነፈ ድምፅና የማይጨምር ክብደት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በኤክስሬይ ፊት ባሪየም እያዋጡ ማየት ይቻላል።

እውነተኛው መታነቅ ሲመጣ የሚጠቅመው ቀድሞ መማር ነው፤ አናት መምታት፣ እጅ ወደ ላይ መሳብና ውሃ ማጠጣት አይጠቅሙም። ልጁ ድምፅ አውጥቶ የሚያስል ከሆነ ይተው፤ ሳሉ ከማንም እጅ ይሻላል። ድምፁ ከጠፋ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በክንድ ላይ በደረቱ አስደፍቶ፣ ጭንቅላቱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርጎ፣ አገጩን ደግፎ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ግርጌ አምስት ጊዜ መምታት። ካልወጣ ገልብጦ የደረት አጥንቱን የታችኛውን ግማሽ አምስት ጊዜ መጫን። እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። ሆዱ አይጫን፤ ጉበቱ ትልቅ ስለሆነ ሊጎዳ ይችላል። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የሚታየውን ብቻ ማውጣት። ዓመት ያለፈው ከሆነ ከጀርባ ምቱ ጋር የሚፈራረቀው ሄንሪ ሃይምሊክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው የሆድ ግፊት ነው። ሃይምሊክ የጀርባ ምትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ለረጅም ጊዜ የሆድ ግፊቱን ብቻ ሲያስተምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለቱን ወደ ማፈራረቁ ተመልሷል። ልጁ ራሱን ከሳተ 30 ጊዜ ደረት መጫንና ሁለት ትንፋሽ መስጠት ይጀመራል፤ ሌላ ሰው ደግሞ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ። ይህን ለማሳየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። እናት ለክትባት ጤና ጣቢያ በተመላለሰች ቁጥር ተራ እየጠበቀች በምታሳልፈው ሰዓት በአሻንጉሊት ብታየው ምን ያህል ልጅ ይተርፍ ነበር!

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ትን ብሎት ተሻለው የተባለው ልጅ። ፍሬው አንዳንዴ አልፎ ወደ አንዱ ሳንባ ቅርንጫፍ ይወርዳል፤ ጭንቁ ያልፋል፣ ቤተሰቡ ያመሰግናል፣ ከቀናት በኋላ ሳል ይጀምራል። ሳሉ በአንቲባዮቲክ ይቀንስና ይመለሳል፤ አስም ነው ይባላል። ኤክስሬይ ብረትና አጥንት ያሳያል፣ ኦቾሎኒና ባቄላ ግን አያሳይም፤ ስለዚህ ፊልሙ ንጹሕ መሆኑ ፍሬው አለመኖሩን አያረጋግጥም። ጉስታቭ ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን ፍራይቡርግ ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ የአሳማ አጥንት በብረት ቱቦ ካወጣ ወዲህ ሐኪሞች ወደ ውስጥ አይተው ማውጣት ይችላሉ። በፊላዴልፊያ ቼቫሊየር ጃክሰን በዕድሜው ከታማሚዎች ያወጣቸውና ያስቀመጣቸው 2,374 ነገሮች ዛሬም በሙተር ሙዚየም ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ከልጆች የወጡ ናቸው። ዋናው መረጃ ግን ከመሣሪያው በፊት ከቤተሰቡ አፍ የሚወጣ ነው። ልጁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ያን ዕለት ኦቾሎኒ ይዞ እንደነበር፣ ትን ብሎት ፊቱ እንደጠቆረ፣ ሳሉም ከዚያ ወዲህ እንደጀመረ ንገሩት፤ ከተፈጸመ ሳምንታት ቢያልፉትም ንገሩት።